የረጠበው እንጨት



ውድ አንባቢያን፤ ወንበር ከቤት ዕቃዎች ሁሉ የተረሳ ዕቃ ነው። በየዕለቱ እንቀመጥበታለን፤ እግሩ ካልተወዛወዘ ወይም ጀርባው ካልተነቀለ በስተቀር ግን ማን እንደሠራው፣ በምን ያህል ድካም እንደሠራው ጠይቀን አናውቅም። እኔም ዕድሜዬ ሠላሳን እስኪያልፍ ድረስ ጠይቄ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ዛሬ የማወጋችሁ ወንበር የሚሠራበት አንድ የእንጨት ሥራ ቤት እኔን መምህሩን ያስተማረኝን ነገር ነው። ወጌ የራሴን ነውር የሚገልጥ ነው፤ ሆኖም ከእኔ ስህተት አንድ ወላጅ ወይም አንድ መምህር ቢማርበት ብዬ አልሸሸግኩትም።

ሁለቱ ሰሌዳዎች

ተወልጄ ያደግኩት ወሎ ውስጥ ነው። የተማርኩትም በሁለት ዓይነት ሰሌዳ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሉሕ ነው። ከጥላሸትና ከሙጫ በተዘጋጀ ቀለም፣ በሸምበቆ ብዕር የቁርኣን አንቀጾችን በእንጨቱ ላይ እንጽፋለን፤ በቃላችን ስንይዘው ሸኻችን ያደምጡናል፤ ከዚያ ሉሑ ታጥቦ ለሚቀጥለው ትምህርት ይዘጋጃል። ሁለተኛው ሰሌዳ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው እየተማርኩ አደግኩ። በኋላም ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ ወደ አዲስ አበባ መጣሁና አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የሒሳብ መምህር ሆንኩ።

አቃቂን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከመሀል ከተማ ተነስቶ በሳሪስና በቃሊቲ በኩል ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የፋብሪካና የሠራተኛ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር የድሮ ሐዲድ ያለፈው በዚሁ ነው። የመለዋወጫ፣ የብረታ ብረትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ስማቸው የሚነሳው ከዚሁ አካባቢ ጋር ነው። የብዙ ተማሪዎቼ አባቶችና እናቶች በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ናቸው። የሚገርመው ግን እነዚሁ ወላጆች ልጃቸውን ሲመክሩ «እንደኔ እንዳትሆን ተማር» ነው የሚሉት። እኔም መምህሩ ብሆን ከዚህ የተሻለ አስተሳሰብ አልነበረኝም። ጎበዝ ተማሪ ማለት ወደፊት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የሚፈርም ሰው ይመስለኝ ነበር።

የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር ዝምተኛ የሆነ አንድ ልጅ ነበረኝ። ክፍልፋይ አይገባውም። አንድ ቀን ወደ ሰሌዳው አወጣሁት። ሲሶንና ሩብን እንዲደምር ጠየቅኩት፤ ጠመኔውን ይዞ ቆመ። ደጋግሜ ጠየቅኩት፤ ዝም አለ። ትዕግሥቴ አለቀና በስድሳ ልጆች ፊት «አንተ ጉቶ! ሂድና ተቀመጥ!» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እርሱ ጠመኔውን በቀስታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በማግሥቱ ቀረ። በሳምንቱም አልመጣም። በወሩ ስሙን ከመዝገብ ላይ ሰረዝኩት። ቤቱ የት እንደሆነ ለመጠየቅ አልሞከርኩም። ከስድሳ ልጅ አንድ ቢቀር ለመምህር ሥራ የሚቀልለት ይመስላል፤ አላህ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ልጅ አማና ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

የሐጂ ሥራ ቤት

ዓመት ከምናምን ካለፈ በኋላ በሰፈራችን መስጊድ ከዒሻ ሰላት ስንወጣ አንድ አዛውንት ጠሩኝ። ሁላችንም ሐጂ እያልን የምንጠራቸው፣ በእጅ የሚሠሩ የእንጨት ወንበሮች በማምረት የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። «ኡስታዝ፣ ከእኔ ዘንድ ሰባት ልጆች አሉ። ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲልጉ ይውላሉ። ሜትር በትክክል የማያነቡ አሉባቸው፤ ቁርኣናቸውም ጅምር ቀርቷል። በሳምንት ሁለት ማታ ብቅ ብትልልን አላህ ይከፍልሃል» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ሥራ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ሰፊ መጠለያ ነው። ገና በሩ ላይ ስትደርሱ የትኩስ ሰጋቱራና የኮላ ሽታ ይቀበላችኋል። ግድግዳው ላይ መጋዞች፣ መሮዎችና ልዩ ልዩ መላጊያዎች ተሰቅለዋል። ባልተጠናቀቁ ወንበሮች መሀል ልጆቹ ተደርድረው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዱ አየኝና አንገቱን ደፋ። ያ የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ነበር። «ቲቸር፣ እንደምን አመሹ» አለኝ። እኔም የሰላምታውን መልስ እንኳ በቅጡ የሰጠሁት አይመስለኝም።

ጥቁር ሰሌዳ አልነበረንም። ሐጂ አንድ ሰፊ ጣውላ አቁመውልኝ በእርሳስ ጻፍኩበት። ትምህርቱ ሲያልቅ ያ ልጅ መላጊያውን አንስቶ ጣውላውን በሁለት ሦስት ጉተታ ላገው፤ ጽሑፉ በቀጭን ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወደቀ፤ እንጨቱም እንደ አዲስ ነጣ። ልጅነቴ ትዝ አለኝ። በውሃ የምናጥበው ሉሕ በእርሱ እጅ በመላጊያ ታጠበ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር እያስተማርኩ ብዙ ነገር መማር ጀመርኩ። ለምሳሌ የመቀመጫውን ባለ አራት ማዕዘን ልጥፍ ሲገጥሙ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማረጋገጥ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይለካሉ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ልክ ነው፤ አንዱ ካጠረ ልጥፉ ጠምሟል ማለት ነው። ይህን ሕግ እኔ በሰሌዳ ላይ ለዓመታት ሳስተምር «ለምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ ሲመጣ የምመልሰው አልነበረኝም።

አንድ ማታ ደግሞ ያ ልጅ «ቲቸር፣ የጅማ በርጩማ በሦስት እግሩ ለምንድን ነው የማይወዛወዘው? የእኛ ባለ አራት እግር ግን አንዱ እግር በትንሹ ካጠረ ወዲያው ይወዛወዛል» ሲል ጠየቀኝ። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ እንደሚያርፉ፣ አራተኛው ነጥብ ግን ከጠለሉ ሊወጣ እንደሚችል ነገርኩት። መልሱን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ጥያቄው ግን ከወንበሩ እግር ሥር ተነስቶ ሲመጣ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

የጅማ በርጩማ መነሳቱ ካልቀረ አንድ ነገር ልጨምር። የጅማ ጠራቢዎች ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ የሚያወጡት ከአንድ የዋንዛ ግንድ ነው፤ ምስማር የለው፣ ኮላ የለው። ጅማን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ይገለገሉባቸው የነበሩ ዕቃዎች ዛሬም በጅማ ሙዚየም ይታያሉ። የዋንዛ ነገር ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መሀል አስቀምጦት ነበር። ስለዚህ የሐጂ ወንበሮች በአብዛኛው የሚሠሩት ሰው ተክሎ ከሚያሳድጋቸው ዛፎች ነው።

የእጅ ሥራ ክብር

በአገራችን ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። እኛ ሙስሊሞችም ብዙዎቹ አያቶቻችን በሽመናና በንግድ የኖሩ ስለሆኑ የዚህን ስድብ መራርነት ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባን ነበር።

በዲናችንስ? ኑሕ (ዐ.ሰ.) በጣውላና በምስማር የተሠራችውን መርከብ በአላህ ትእዛዝ የሠሩ ነብይ ናቸው። ነብዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተገልጿል። ዳውድ (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ እንደነበር፣ ሰው ከሚበላው ምግብ ሁሉም በእጁ ለፍቶ ካገኘው የሚበልጥ እንደሌለ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ኹጥባ ያደርጉበት የነበረው ሚንበርም ቢሆን ከመዲና አቅራቢያ ከሚገኝ ጫካ በመጣ እንጨት፣ የአንዲት የአንሷር ሴት አገልጋይ በነበረ አናጢ እጅ የተሠራ ነው። እንግዲህ የሰው ልጅ ካደመጣቸው ንግግሮች ታላላቆቹ የተነገሩበትን መድረክ የሠራው አንድ አናጢ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ አስተማርኳቸው። አፌ ሲናገር ልቤ ግን ወደዚያ ልጅ እያየ ይወቅሰኝ ነበር። ባለ እጅን መናቅ ነውር መሆኑን የማስተምረው እኔ፣ ገና ባለ እጅ ሳይሆን «ጉቶ» ብዬ የሰደብኩት እኔ!

አርባው ወንበር

አንድ ቀን ሐጂ በደስታ ተቀበሉኝ። ምግብ ቤት ሊከፍት የተዘጋጀ ሰው አርባ ወንበር አዝዟቸው የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ከፍሏቸዋል። በቀብዱ ጣውላ ገዝተዋል። የጣውላው ነጋዴ «ዓመት የደረቀ ነው» ብሎ ምሎ እንደሸጠላቸው ነገሩኝ። የቀረው ጊዜ ሦስት ሳምንት ነበር።

በዚያው ሰሞን ለልጆቹ የማስተምረው የመቶኛን ስሌት ነበር። በሐዲሱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ስለ እህሉ ነጋዴ ነግሬአቸው ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ጣታቸው እርጥበት ነካ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ።

በሚቀጥለው ትምህርት ቀን ልጁ ከሌሎቹ ቀድሞ መጥቶ ጠበቀኝ። በእጁ ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ይዟል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አዲሱን ጣውላ ሲልገው ፍቅፋቂው እንደ ደረቅ እንጨት አልተሰባበረም፤ ለስላሳና ቀዝቃዛ ሆነበት። ተጠራጠረና አንድ ቁራጭ ቆርጦ ሱቅ ወስዶ አስመዘነው፤ 480 ግራም ሆነ። ከዚያ ለጎረቤት ዳቦ ጋጋሪ ለምኖ፣ ዳቦው ከወጣ በኋላ ምድጃው ውስጥ ሌሊቱን አሳደረው። ሁለት ሌሊት እንዲህ አድርጎ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ጠበቀ። የመጨረሻው ሚዛን 384 ግራም ነበር። «ቲቸር፣ የጠፋው ውሃ 96 ግራም ነው። 96ን ለ384 ሳካፍለው ሩብ ይመጣል። 25 በመቶ ማለት ነው። ተሳስቼ ይሆን?» አለኝ።

ክፍልፋይ አይገባውም ብዬ የፈረድኩበት ልጅ ነው እንግዲህ! ደጋግሜ ሠራሁት፤ አንድም ስህተት አላገኘሁበትም።

አንባቢ ሆይ፤ 25 በመቶ እርጥበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ የሚሠራበት እንጨት እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ግድም መውረድ አለበት። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ብዙም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ጥሩ ወንበር የሚገጠመው በምስማር አይደለም። በአንደኛው እንጨት ላይ ጉድጓድ ይፈለፈላል፤ በሌላኛው ጫፍ ላይ ለጉድጓዱ ልክ የሆነ ምላስ ይወጣለታል፤ ከዚያ በኮላ ተቀብቶ ይጠብቃል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ምላሱ ከተገጠመ በኋላ ይደርቃል፣ ይሳሳል። የአንድ ሚሊሜትር ክፍተት ኮላውን ያስለቅቃል። ወንበሩ ርክክብ ሲደረግ ያምራል፤ ቫርኒሹም ያብለጨልጫል፤ በጋው ሲገፋ ግን እግሩ መላወስ ይጀምራል። ያኔ ሠሪው ገንዘቡን ተቀብሏል።

ልጁን ይዤ ወደ ሐጂ ገባሁ። ቁራጩን ከነሒሳቡ አስረዳቸው። ሐጂ እንጨቱን በመዳፋቸው ይዘው ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ በዕድሜ ከፍ ያለው፣ «ሐጂ፣ ሰውየው የሚያውቀው ነገር የለም። እስኪላወስም ወራት ይፈጃል። ቀብዱ ደግሞ አልቋል» አላቸው። እውነቱን ልናገር፤ እኔም በሆዴ ከሐጂ የቤት ኪራይና ከሰባቱ ልጆች ደመወዝ አንጻር ነገሩን አመዛዘንኩት። «አይሆንም» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ሐዲሱን ያስተማርኩት እኔ ዝም አልኩ።

ያ ልጅ ግን መሬት መሬት እያየ በዝግታ፣ «ሐጂ፣ እህሉ ከላይ አይደረግም እንዴ?» አለ።

ሐጂ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አነሱና በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደንበኛቸው ሄዱ።

የእውነት ዋጋ

ብዙ ጊዜ እንዲህ ባሉ ጽሑፎች መጨረሻ ላይ ደንበኛው በእውነተኛነታቸው ተደንቆ እጥፍ ሲያዛቸው እናነባለን። የሐጂ ነገር እንደዚያ አልሆነም። ደንበኛው ተቆጣ። ሥራ ቤቱ ውስጥ ከነበረው ደረቅ እንጨት ሊሠራ የሚችለውን አሥራ ሁለት ወንበር ብቻ እንደሚወስድ፣ የቀረውን የፕላስቲክ እንደሚገዛ ተናግሮ ትርፍ ቀብዱ እንዲመለስለት ጠየቀ። ነጋዴው ደግሞ ጣውላውን አልመልስም አለ። ሐጂ ገንዘቡን በሁለት ጊዜ ከፈሉ። የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጥ የታዘዘ ነውና ለልጆቹ ደመወዝ ከወንድማቸው ተበደሩ። ያ ወር ከባድ ወር ነበር። ሐጂን ግን አንድም ቀን ሲጸጸቱ አላየኋቸውም። አንድ ማታ ብቻ «ኡስታዝ፣ ሰው በሠራሁት ወንበር ላይ ሲቀመጥ እኔም በአላህ ፊት አብሬው የምቀመጥ ይመስለኛል» አሉኝ።

እርጥቡን ጣውላ ጥላ ሥር ደረደርነው። በየመሀሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባን፣ ነፋስ በሁሉም ገጽ እንዲያልፍበት አድርገን። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ፈጥኖ ይደርቅ ነበር፤ ግን ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። እንጨትን የሚያደርቀው ጥላ፣ አየርና ጊዜ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ተማሪዎቼ ፊቴ ድቅን አሉብኝ። ያን ልጅ ገና እርጥብ ሳለ በስድሳ ሰው ፊት ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት እኔ ነበርኩ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አስቤ እፈራ ነበር። ለብቻው ጠርቼ ልነግረው ፈለግኩ። ሆኖም የሰደብኩት በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት የተወሰደ ክብር በጓዳ አይመለስም። አንድ ማታ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት በሰባቱም ልጆችና በሐጂ ፊት ያደረግኩትን ሁሉ ተናገርኩ፤ «አፉ በለኝ» አልኩት። ሥራ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ መላጊያው ላይ የተጣበቀውን ፍቅፋቂ በጣቱ እየጠረገ ቆየና፣ «አፉ ብያለሁ፣ ቲቸር» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «ዛሬ የምንማረው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ድምፄ እስኪስተካከል ድረስ ሰሌዳው ላይ የምጽፍ መስዬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ያ ጣውላ በሚቀጥለው ዓመት ደርቆ ወንበር ሆነ። ከመካከሉ አንዱን ገዝቼ ቤቴ አስቀምጫለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተላወሰም። ልጁ በማታው ክፍለ ጊዜ ካቋረጠበት ከሰባተኛ ክፍል ትምህርቱን ጀምሯል። ይዘልቅበት እንደሆነ አላህ ያውቃል። ቢዘልቅ ደስ ይለኛል፤ አናጢ ሆኖ ቢቀር ግን ከስሟል ብዬ ከእንግዲህ አላዝንለትም።

ውድ ወላጆች፤ ልጃችሁ በትምህርቱ የዘገየ ሲመስላችሁ እጁ ምን እንደሚያውቅ ጠይቁት። መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፤ አንድ ተማሪ ሲቀር ስሙን ከመሰረዛችን በፊት የቤቱን መንገድ እንጠይቅ። እናንተ ወጣቶችም የያዛችሁት ብዕርም ይሁን መጋዝ፣ ሰው የማያየውን የውስጡን መገጣጠሚያ አጥብቃችሁ ሥሩ።

አላህ (ሱ.ወ.) ከላይ የሚያብለጨልጭ ውስጡ ግን የረጠበ ሥራ ከመሥራት ይጠብቀን። የበደልናቸውንም በሕይወት እያሉ አፉ ለማስባል ያብቃን። አሚን።